እድሬ እንዲቀጣኝ እንዴት ልጠይቅ?

ባለመዝገቧ (ሐዋሳ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ርዕሱን ያየ ሰው ግራ ሊገባው ይችላል። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ምክር የምር ፈልጌ ነው።

አቶቴ አካባቢ ነው የምኖረው። በሦስት ዓመቴ ልምሻ ያዘኝና ሁለቱም እግሮቼ አልታዘዝ አሉ። ቤት ውስጥ በዊልቸር፣ ደጅ ስወጣ በእጅ በሚዘወር ባለሦስት ጎማ ነው የምንቀሳቀሰው። ለአራት ሱቆችና ለአንድ ወፍጮ ቤት ሒሳብ እሠራለሁ። የቤት ኪራዬን ራሴ እከፍላለሁ፣ ወጤን ራሴ እሠራለሁ። ውሃ የጎረቤቴ ልጅ ያመጣልኛል፤ እኔ ደግሞ ሒሳብ አስጠናዋለሁ። ሐዋሳ ሜዳ መሆኗ በጀኝ። አስፋልቱን ከያዝኩ እስከ ፍቅር ሐይቅ ድረስ ማንም ሳይገፋኝ እደርሳለሁ። ክንዴ የሚያልቀው ኮብልስቶን ውስጥ ስገባ ነው። እዚያ መቶ ሜትር መሄድ አስፋልት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ከመሄድ ይብሳል። ብሎኑ ሁሉ ይላላል፤ በወር አንዴ ጎሚስታ ጋ ሄጄ አስጠብቃለሁ።

እናቴ ስታርፍ በእሷ ቦታ እድር ገባሁ። አምስት ዓመት ሆነኝ። መዋጮዬ አንድም ወር አልፎኝ አያውቅም። ደንቡ ግልጽ ነው። ጥሩምባ ተነፍቶ ቀብር ያልወጣ ይቀጣል። ድንኳን ሲተከል ተረኛ ሆኖ የቀረ ይቀጣል። ስብሰባ የቀረም እንዲሁ። ስም ሲጠራ «አቤት» ያላለ ሰው ስሙ አጠገብ «ቀ» ይጻፍበታል። 50 ብር ነው።

የእኔን ስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ነገሩን ልብ ብዬ አላሰብኩበትም። ስብሰባ ቤቱ በር ላይ ሦስት ደረጃ አለው። እኔ ግቢው ውስጥ በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው፤ ሲጠራ ያመለጠኝ ነበር የሚመስለኝ።

ጥቅምት ላይ የእድሩ ጸሐፊ አመማቸው። አሮጌው መዝገብ ተበጫጭቋልና ወደ አዲሱ ገልብጪልን ብለው ቤቴ ድረስ አመጡልኝ። 83 ሰው ነው። እየገለበጥኩ ራሴ ጋ ደረስኩ። ስሜ ተጽፏል። ከስሜ ጀምሮ እስከ ገጹ ዳር ድረስ በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ የተሰመረ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አለ። መጨረሻው ላይ «ነጻ» ይላል። ገለጥኩ፤ በሚቀጥለው ገጽም ያው ነው። ከእኔ ሌላ እንደዚያ የተሰመረባቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ሞተዋል። አንዱ ሻሸመኔ ተዛውሯል።

መስመሩን በጣቴ ነካሁት። እስክሪብቶው ተጭኖ ስለነበር ወረቀቱ ጎድጉዷል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እነዚህ ሰዎች ክፉ አይደሉም። እናቴ ስታርፍ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ከድንኳኑ አልወጡም። ንፍሮውን እነሱ ቀቀሉ፣ እንግዳውን እነሱ ተቀበሉ። በፍቅር ነው ያሰመሩት፤ ይገባኛል። ግን ይኸው ፍቅር በሄድኩበት ሁሉ ይከተለኛል። ክረምት ላይ የአካባቢው ሰው ችግኝ ሊተክል ታቦር ተራራ ሲወጣ ባለሦስት ጎማዬን አዘጋጅቼ በር ላይ ጠበቅኩ። አስተባባሪው «አንቺ አትልፊ፣ ያንቺን እኛ እንተክልልሻለን» ብሎኝ አለፈ። ማታ የችግኙን ፎቶ በስልክ ላከልኝ። ፎቶው እስከ ዛሬ አለ። እኔ ግን ተራራው ግርጌ እንኳ ቢሆን ጉድጓድ ባዘጋጅ፣ ችግኝ ባቀብል፣ የተተከለውን ብመዘግብ ደስ ይለኝ ነበር።

ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ስገዛ ማንም «አንቺ ይቅርብሽ» አላለኝም። በ8100 መልእክት ስልክም ማንም አልከለከለኝም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እዚያ ውስጥ የእኔም አለበት። ሀገር ጠይቃኝ ሰጠሁ። ገንዘቤን የተቀበለች ሀገር እጄንና ጊዜዬን ለምን እንደማትጠይቀኝ ነው የማይገባኝ።

ሰዎች «ራስሽን ችለሻል» ሲሉኝ ከማንም ምንም አትፈልጊም ማለታቸው ነው። እኔ ግን ብዙ ነገር እፈልጋለሁ፤ ውሃውን ነገርኳችሁ። ራሴን የቻልኩ የሚመስለኝ ሰው ከእኔም ሲፈልግ ነው። ስቀር «የት ቀረች?» ሲባል ነው።

አሁን የእድሩን ዳኛ «ያ መስመር ይነሳልኝ፣ ስቀር ቅጡኝ» ማለት እፈልጋለሁ። ትልቅ ሰው ናቸው። ውለታ ረሳች እንዳይሉኝ ፈራሁ። እንዴት ብዬ ልጀምር?

—

የእድር ጸሐፊ (አዳማ)፦

ልጄ፣ እኔ አዳማ ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ከሆንኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። እንዳንቺ ያለ መስመር በእጄ አስምሬአለሁ። ለአንድ ጎረቤታችን ነበር፤ ክራንች ይይዝ ነበር። ጠይቄው አላውቅም። ያንቺን ካነበብኩ በኋላ ዛሬ ጠዋት መዝገቡን አውጥቼ አየሁት። ሰውየው ካረፈ ቆይቷል።

ምክሬ ይሄ ነው። ቅጣት አትጠይቂ፣ ሥራ ጠይቂ። ሽማግሌ «ቅጡኝ» ሲባል ይደነግጣል፤ የተቆጣሽ ይመስለዋል። ሥራ የያዘ ሰው ግን ሲቀር መቀጣቱ አይቀርም፤ ደንቡ ራሱ ያመጣዋል። ደግሞ ልብ በዪ፣ 83 ሰው ያለበትን መዝገብ ቤትሽ ድረስ ያመጡ ሰዎች ሥራ ሰጥተውሻል። ስሙን ብቻ አልሰጡሽም። በእድር ውስጥ ሰው የሚሸሸው ስም መጥራትን ነው። ቀሪውን «ቀ» ብሎ መጻፍ ከጎረቤት ያጣላል። ሌላው ዕቃ ቆጠራ ነው። ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ወንበሩ ከለቅሶ ቤት ተቆጥሮ ሲመለስ ሁሌም ይጎድላል። የሒሳብ ሰው ነሽና አንዱን ያዢ።

ዳኛው ቤት ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ቡና ያዢ። ሰው በተሰበሰበበት አትንገሪያቸው፤ ለብቻቸው ይስሙሽ።

—

የናቲ እናት፦

እህቴ፣ ጽሑፍሽ ልቤን ነካው። ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ልጄ 19 ዓመቱ ነው። መብላትም መልበስም ያለ እኔ አይችልም። ለአንድ ሰዓት እንኳ ትቼው መውጣት ያስጨንቀኛል። የእኔ እድር «ነጻ» ብሎኛል። ያንን ቀን አልረሳውም፤ ከዚያ በፊት በየወሩ ቅጣት እከፍል ነበር። መዋጮውና ቅጣቱ ተደምሮ የልጄን ዳይፐር ያስተወኝ ወር ነበር።

አንቺ ጠንካራ ነሽ። ግን «አካል ጉዳተኛም ቢሆን ይቀጣ» የሚል ደንብ ወጥቶ ነገ እንደኔ ያለችውን ሴት እንዳይነካ እፈራለሁ። ስትጠይቂ ስላንቺ ብቻ ጠይቂ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ።

—

ታሪክ አስተማሪው (ሐዋሳ)፦

የናቲ እናት አልተሳሳቱም። እኔም የምለው ወደዚያው ነው፤ ክፋቱ መስመሩ አይመስለኝም፣ ሳይጠይቁ ማስመሩ ነው።

ዓይነ ስውር ነኝ። ገብርኤል አደባባይ ጋ መንገድ ልሻገር ስቆም ሰው መጥቶ ክንዴን አፈፍ ያደርጋል። አንዳንዴ መሻገር አልፈልግም፤ ባጃጅ እየጠበቅኩ ነው። «ልርዳህ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ ቀኔ ይበራል። ያኔ ክንዱን እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ግማሽ እርምጃ ቀድሞኝ ይሄዳል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ባንዲራ የሚያሰቅል ተረኛ መምህር በየሳምንቱ ይመደባል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስሜ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ አያውቅም። እንዳልቸገር ብለው ነው። ሄጄ መድቡኝ አልኩ። አሁን ተራዬ ሲደርስ ገመዱን ራሴ ነው የምስበው። ጨርቁ ነፋስ ሲይዘው ገመዱ እጄ ላይ ይከብዳል። ጫፍ ሲደርስ ይገታል። ስለዚህ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። መዝሙሩ እስኪያልቅ ድረስ ገመዱን አለቅም።

ትዕግሥት ገዛኸኝ በ2013 በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ወርቅ ስታመጣ፣ ሀገራችን በፓራሊምፒክ ያገኘችው የመጀመሪያው ወርቅ ነበር። የማየት ችግር ካለባቸው ሯጮች ጋር ነው የሮጠችው። በፓሪስም ደገመችው። ትምህርት ሲጀመር ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ በጭብጨባ ተቀበሉኝ። እኔ እንኳን አልሮጥኩም። ግን እንደ ሮጥኩ ተሰማኝ።

ሂጂና ንገሪያቸው። አትፍሪ።

—

ግንበኛው (አዳማ)፦

ስለ ሦስቱ ደረጃዎች ማንም አላነሳም፤ እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝና ከዚያ ልጀምር። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች፣ ዊልቸር ለሚጠቀሙትም ጭምር፣ የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። ለእድር ቤት ግን ሕግ ጠቅሶ መከራከር አይመስለኝም። በጥቂት ሲሚንቶ የሚያልቅ ነገር ነው።

ለራምፕ፣ ማለትም ለዊልቸር መውጫ ተዳፋት፣ በስፋት የሚሠራበት ልኬት 1 ለ12 ነው፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። አንድ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሦስቱ 45 ይሆናሉ። በ12 ሲባዛ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ይረዝማል። ወርዱ ከ90 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ። በሩ ፊት ለፊት ዊልቸሩ ቆሞ የሚዞርበት ሜዳ ቦታ ይተው፤ 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል። ብዙ ሰው ይህንን ይረሳና በሩን ለመክፈት ስትይ ወደ ኋላ ትንሸራተቻለሽ። ሴራሚክ እንዳያነጥፉበት፤ በክረምት ገዳይ ነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ቢሸካክሩት ይበቃል። ጣውላ አጋድመን እናሳልፋታለን ቢሉሽ እሺ አትበዪ። ለ45 ሳንቲ ሜትር አደጋ ነው። ከፍታውን በሜትር ለክተሽ ላኪልኝ።

—

ባለመዝገቧ (ሐዋሳ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት የቆየሁት የሆነውን ሁሉ ይዤ ልመለስ ብዬ ነው።

ቡና ይዤ ዳኛው ቤት ሄድኩ። በራቸው ደረጃ የለውም፤ ሳሎን ድረስ ገባሁ። «ጋሼ፣ መዝገቡ ላይ ስሜ አጠገብ ያለው ቀይ መስመር እንዲነሳልኝ ነው» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ እኮ አይደለሁም ያሰመርኩት። እናትሽ ናት ያስሰመረችው» አሉኝ።

እናቴ ታማ ሳለች እሳቸውን አስጠርታ ለምናቸዋለች። «እኔ በሌለሁበት ልጄን አታስቸግሩብኝ፣ አደራ» ብላ። ማስመሪያውን ይዞ ያሰመረው ጸሐፊው ነው፤ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ፣ እሷ እያየችው።

ምን እንደምል ጠፋኝ። የመጣሁት በሌላ ሰው ልከራከር ነበር። የናቲ እናት፣ ያን ጊዜ እርስዎ ትዝ አሉኝ። እናቴ ከእኔ ጋር ቤት የዋለችባቸው ዓመታት ትዝ አሉኝ፤ በየወሩ ቅጣት ስትከፍል የነበረችባቸው። እኔ ያንን ቆጥሬ አላውቅም ነበር።

ዳኛው ቡናውን ጠጡና «አደራዋን ካነሳሽልኝ አንቺው ነሽ» አሉ። አነሳሁላቸው። ጋሼ ከአዳማ እንደመከሩኝ ስም መጥራቱን ጠየቅኩ። ጸሐፊው ገና አላገገሙምና ወዲያው እሺ አሉኝ። ከመሄዴ በፊት «ነጻ» የሚባለው ራሱ የጠየቀ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሰው የሚያስታምም ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ወዲያው ይፈቀድለት የሚል ሐሳብ ለእሑድ ስብሰባ አስያዝኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ጥሩምባ ተነፋ። እኔ ከምኖርበት ሁለት ቅያስ አልፎ ነው ለቅሶ ቤቱ፤ መንገዱ በሙሉ ኮብልስቶን ነው። ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ማንም እንዲገፋኝ አልጠየቅኩም፤ መጨረሻ ላይ ክንዴ ሲዝል ግን ውሃ የሚያመጣልኝን ልጅ አባት ጠየቅኩት፣ ገፋኝ። ድንኳኑ አፍ ላይ መዝገቡን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጠራሁ። መጀመሪያ ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነበር። «ጮክ በዪ፣ አይሰማም» አሉኝ ከኋላ። ጮክ አልኩ። 11 ሰው ቀርቷል። አንዱ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነው፤ ሒሳቡን የምሠራለት ሰው። ስሙ አጠገብ «ቀ» ጻፍኩ።

ራሴ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ሰው የራሱን ስም ይጠራል ወይ? ግራ ገባኝ። ብቻ ጠራሁት። «አቤት» ለማለት አፌን ስከፍት ንፍሮ የሚያወጡት እትዬ ከጓሮ «አለች!» ብለው ጮኹ።

ግንበኛው፣ የደረጃውን ከፍታ ለካሁ። 47 ሳንቲ ሜትር ነው። ችግሩ ከበሩ እስከ አጥሩ ያለው ቦታ 4 ሜትር ከ20 ብቻ ነው። ወደ ጎን ቢታጠፍ ይሆናል? መታጠፊያው ላይስ ስንት ሜዳ ቦታ ልተው? ዳኛው እሑድ ለሰው አቅርቢው ብለውኛል፤ እስከዚያ ብትመልስልኝ።