የአዋሽና የድሬዳዋ ጉዞ፦ ዕቅዱን እዚሁ እንጨርሰው

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የመጣው ሐሳብ አሮጌውን የምድር ባቡር ሐዲድ ተከትሎ ከአዋሽ ድሬዳዋ መሄድ ነው። መስመሩ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ነው፣ እኛ ያለን ሁለት ቀን ብቻ። እኔ ድልድዮቹ ላይ እናተኩር ባይ ነኝ። አዲሱ ባቡር የራሱ ሐዲድ ስላለው አሮጌዎቹን ዞር ብሎ የሚያያቸው ጠፍቷል።

የድሬው ልጅ፦ ድልድይ ብቻ አይታችሁ ከተመለሳችሁ ቅር ይለኛል። ድሬ እኮ ሐዲዱ የወለዳት ከተማ ናት። ባቡሩ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር፣ ተራራውን ማስወጣት ወጪው ስለከበደ ከታች ቆላው ላይ ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ከተማዋ እዚያው ተቆረቆረች። አሮጌውን የከዚራ ሰፈር፣ ጣቢያውንና የባቡር መጠገኛ ወርክሾፑን ማየት አለባችሁ። አያቴ ሸማንደፈር፣ ማለትም ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው፣ የወርክሾፑን ሽታ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

ካሜራ ያዡ፦ እኔ የምመጣው ለአዋሽ ድልድይ ነው። መሃሉ ድረስ ገብተን ገደሉንና ወንዙን ከላይ ብናነሳስ?

የጉዞ አስተባባሪ፦ አንተ ልጅ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ድልድዩ ለባቡር እንጂ ለእግረኛ አልተሠራም። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው፣ ከሥር ገደል። ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፣ ጥር 1977 ዓ.ም. እዚያው አዋሽ አጠገብ ባቡር መታጠፊያ ላይ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ሰፈራችን ውስጥ ለቅሶ የተቀመጠ ቤት ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ፎቶ ለማሳመር ብለን ሰው እንዲወድቅብን አልፈልግም። ከዳር ቆመን እንይ፣ አበባም ይዘን እንሂድ።

ካሜራ ያዡ፦ እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ። የ77ቱን አልሰማሁም ነበር። ከዳር አነሳለሁ፣ አበባውንም እኔ እገዛለሁ። ግን ለፎቶው ፈቃድ ቀድመን እንጠይቅ፣ ድልድይ አጠገብ ካሜራ ስታወጣ ጥበቃ ይመጣል።

ገንዘብ ያዥ፦ የቀሩ የባቡር ሠራተኞችን አግኝተን እንዲያስጎበኙን እናድርግ፣ አበልም እንክፈላቸው። ለምሳ ካሰብነው ላይ ይቀነስ፣ ቆሎና ዳቦ ይዘን እንሄዳለን። ሌላው፣ ማንም ለማስታወሻ ብሎ ብሎን እንኳ እንዳያነሳ ዕቅዱ ላይ ይጻፍ። የዚህ ሐዲድ ብረት በየቦታው እየተነቀለ ተሸጧል፣ እኛ አንጨምርበት።

ጸሐፊ፦ ተስማምተናል። ቅዳሜ አዋሽ፣ ከዳር ሆነን። ጣሊያን በ1933 ሲሸሽ ድልድዩን አፍርሶ እንደነበርም እዚያው ቆመን እናወራለን። እሑድ ሙሉውን ድሬ። ለፈቃዱ ደብዳቤውን ነገ እጽፋለሁ። የድሬው ልጅ፣ ከአያትህ ጋር የሠሩ በሕይወት ያሉ ካሉ እስከ ዓርብ ጠይቅልን። መኪናው የሚያዘው የእነሱን ቀን ካወቅን በኋላ ነው።