የቴአትር ተዋናይ ማይክ ይልበስ ወይስ አይልበስ?

የዛሬው መከራከሪያ፦ ተመልካች ገንዘቡንና ምሽቱን ሰጥቶ ይገባል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ግማሹን ታሪክ በግምት እየሞላ ተከፍቶ ይወጣል። ዘፈን በሌለው ተውኔት ማይክ ይግባ? ወይስ ተዋናዩ በራሱ ድምፅ ይድረስ?

የድምፅ አሠልጣኝ፦ ማይክ አይግባ ባይ ነኝ። ብዙ ጊዜ የማይሰማው ድምፁ አንሶ ሳይሆን ተነባቢው ተበልቶ ነው። ጉልበቱ ያለው አናባቢው ላይ ነው፤ «ሰበረ»ን ከ«ከበረ» የሚለየው ግን ያ ደካማው ተነባቢ ነው። ተዋናዩ ሲጮህ አናባቢው ብቻ ይወፍራል። በአማርኛ ላይ ደግሞ መጥበቅና መላላት አለ፦ «ይመታል» ሲላላ መቺው፣ ሲጠብቅ ተመቺው ነው። ግሡም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ትንፋሹ እዚያ ካለቀበት «አልሄደም» የሚለው «አልሄ...» ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ትንፋሽን ለግሡ ማስተረፍ ነው፤ ይህን ማይክ አይሠራልንም። ያልተነገረ ቃል ቢጎላም ያልተነገረ ነው።

የድምፅ ባለሙያ፦ በተነባቢው ጉዳይ እስማማለሁ፤ አዳራሹን ግን ዘነጉት። ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይወርዳል። 4 ሜትር ላይ ከተቀመጠው ይልቅ 16 ሜትር ላይ ላለው 12 ዲሲቤል ያንሰዋል ማለት ነው። ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ያግዛል፤ ግን ለንግግር የሚመቸው የማስተጋባት ቆይታ 1 ሰከንድ ገደማ ነው። ለኦርኬስትራ በተሠራ የ2 ሰከንድ አዳራሽ ውስጥ አንዱ ቃል ሳይጠፋ ሌላው ይደረብበታል። ከፎቁ (ከላይኛው የተመልካች መቀመጫ) ሥር ያሉት ረድፎች ደግሞ ከጣሪያው የሚመለሰውን አያገኙም። እዚያ የተቀመጠ ሰው ምን አጠፋ?

አዘጋጅ፦ ተዋናይዋ ግራ ቆማ ድምፅዋ ከቀኝ ስፒከር ሲመጣ ዓይንና ጆሮ ይለያያሉ። አራት ሰው መድረክ ላይ ካለ የተናገረውን ለማወቅ ከንፈር መፈለግ ነው። ለእኔ ይህ ካለመስማት አይሻልም።

የድምፅ ባለሙያ፦ ይህ የአገጣጠም ስሕተት ነው፤ በማይኩ አይፈረድም። ድምፅ 1 ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ከፎቁ ሥር ያለው ስፒከር ለተመልካቹ ከተዋናዩ 15 ሜትር የሚቀርብ ከሆነ 44 ሚሊሰከንድ ያህል እንዲዘገይ ይደረጋል፤ የተዋናዩ ድምፅ እንዲቀድም ከ10 እስከ 15 ይጨመርበታል። ጆሮ አቅጣጫን የሚይዘው ቀድሞ ከደረሰው ነውና፣ ስፒከሩ እስካልጮኸ ድረስ ድምፁ ከመድረኩ የመጣ ይመስለዋል። ማይኩ ደረት ላይ ከተሰካ ልብስ ያሻሸዋል፤ ግንባር ላይ፣ ፀጉር መነሻው ጋር ይሁን። እዚያ ደግሞ ላብ የማይኩን አፍ ይደፍነዋል፤ መጋረጃ በተዘጋ ቁጥር ይጠረግ። ባትሪው በየምሽቱ አዲስ። ሁለቱ ሲተቃቀፉ የአንዱ ድምፅ በሁለቱም ማይክ ስለሚገባ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ሚክሰሩ (የድምፅ ማቀላቀያው) ላይ ያለው ሰው ድርሰቱን ይዞ አንዱን መዝጋት አለበት።

የድምፅ አሠልጣኝ፦ ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ የሚከታተል ሰው ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ ካልተቀመጠ የየንግግሩ የመጀመሪያ ቃል ይቆረጣል። የሚያመጡት ደግሞ በመክፈቻው ዋዜማ ነው!

የመብራት ባለሙያ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው በዓይኑም ይሰማል። መብራቱ ከላይ ብቻ ከወረደ አፍ በአፍንጫ ጥላ ይሸፈናል። ከፊት፣ ትንሽ ከጎን፣ ፊትን የሚያገኝ መብራት ጨምሩና ያለ ምንም ማይክ ልዩነቱን እዩ።

አዘጋጅ፦ ባዶ አዳራሽም ያታልላል። ሰውነትና ልብስ ድምፅ ይመጥጣሉ፤ በተለይ ወንበሩ እንጨት ከሆነ፣ በልምምድ የሚያስተጋባው ድምፅ ሰው ሲሞላ ይደክማል። ሌላው ችግር፣ ድርሰቱን በቃሉ የያዘ ሁሉ ያልተነገረውንም ይሰማል። ስለዚህ በአልባሳት ልምምድ ቀን ተውኔቱን ጨርሶ የማያውቁ ሦስት ሰዎች ከፎቁ ሥር የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጡ፤ ያመለጣቸውን ቦታና የተናገረውን ተዋናይ ይመዝግቡ። የአንድ ተዋናይ ስም ከተደጋገመ ወደ አሠልጣኙ፤ የሁሉም ከሆነ ችግሩ አዳራሹ ነውና ማይኩን እቀበላለሁ።

የድምፅ አሠልጣኝ፦ በፈተናው ተስማምቻለሁ። አዳራሹ ከወደቀ ግን ማይክ ከማስገባት እነዚያን ረድፎች አለመሸጥን እመርጣለሁ።