እናቴ ከፎቅ አልወርድም አለች፤ በቀን ስንት ደቂቃ ውጭ ብትቆይ ይበቃታል?

ጥያቄ፦ ሕሊና ዘጀሞ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ከገጠር መጥታ ከእኛ ጋር ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ሊፍት የለንም። ጉልበቷን ስለሚያማት ከእሑድ ቤተ ክርስቲያን በቀር አትወርድም። ቀን ሶፋ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል፣ ሌሊት ስትገላበጥ ታድራለች፣ የምግብ ፍላጎቷም ቀንሷል። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ስኳር የለባትም። በየቀኑ ትንሽ ውጭ ብትቆይ ይረዳታል ይባላል። ስንት ደቂቃ? በስንት ሰዓት? በመስኮት የሚገባው ፀሐይስ አይበቃም ወይ?

መልስ፦ ነጭ ጋዎን

እኅቴ፣ የእንቅልፉንና የአጥንቱን ጉዳይ ለይተሽ ያዢው። ሁለቱም ብርሃን ይፈልጋሉ፣ ሰዓታቸው ግን አንድ አይደለም።

ለእንቅልፉ የሚጠቅመው የጠዋት ብርሃን ነው። ዓይን ውስጥ ቀኑ መንጋቱን ለአንጎል የሚነግሩ ሴሎች አሉ፤ እነሱ ጠዋት በቂ ብርሃን ካገኙ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን ማታ በጊዜው ይመነጫል። ሳሎን ውስጥ ያለው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ብቻ ነው። ውጭ ግን ደመና ቢሆንም እንኳ በሺዎች ይቆጠራል። ዓይናችን ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱ አይታወቀንም። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውጭ ይቀመጡ። ጥላ ሥር ቢሆኑም ይሠራል፤ ፀሐይዋን ትኩር ብለው ማየት የለባቸውም።

አጥንቱ የሚፈልገው ቫይታሚን ዲ ነው፤ ለዚያ የማለዳዋ ለስላሳ ፀሐይ እምብዛም አትጠቅምም። ቆዳ ቫይታሚኑን የሚሠራበት ጨረር የሚበረታው ፀሐይ ከፍ ስትል ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ የቆመ ሰው ጥላ ከቁመቱ ካጠረ ጨረሩ በደንብ አለ። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው በግምት ከ4 እስከ 9 ሰዓት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ጨረሩ ይበረታል፤ እኩለ ቀን ላይ ማስቀመጥ አያስፈልግም። 4 ሰዓት ገደማ ክንድና ባታቸውን ገለጥ አድርገው 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይሞክሩ። በመስኮት መስታወት ሙቀቱ ይገባል እንጂ ይህ ጨረር አይገባም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በዕድሜ የገፋ ሰው ቆዳ ቫይታሚኑን የሚሠራው በአነስተኛ መጠን ነው። ጭናቸው ከደከመ፣ ከወንበር ለመነሣት እጃቸውን የሚደገፉ ከሆነ፣ ወይም አጥንታቸውን ሲጫኑት ካመማቸው የደም ምርመራ ይደረግ። ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሚመከረው ቫይታሚን ዲ በቀን 800 ዓለም አቀፍ ዩኒት (ኪኒኑ ላይ IU ተብሎ የሚጻፈው መለኪያ) ነው፤ ከዚያ የበዛ ኪኒን ሐኪም ሳያዝ አይጀመር። የምግብ ፍላጎት ማጣቱና መፍዘዙ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ፀሐይ ብቻ አትጠብቁ። ድብርት፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ችግር መታየት አለባቸው።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስቷ

ጉልበት የሚያማቸውን እናቶች ከውጭ የሚያስቀረው በአብዛኛው የመጀመሪያው ቀን ነው። ቤተሰብ በጉጉት ሩቅ ይወስዳቸዋል፣ ማታ ጉልበታቸው ያብጣል፣ ከዚያ ሳምንት ሙሉ አልወጣም ይላሉ። ስለዚህ በትንሹ ጀምሩ።

መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን አንድ ፎቅ ብቻ ወርደው ይመለሱ። ሲወርዱ የሚያመው እግር ይቅደም፣ ሲወጡ ደህናው ይቅደም፤ በየደረጃው ሁለቱ እግሮች ይገናኙ። አንድ እጅ ሁልጊዜ የደረጃውን መያዣ ይያዝ። ምርኩዙ የሚያዘው ከሚያመው እግር ተቃራኒ በሆነው እጅ ነው። ቁመቱን ጫማ አድርገው ክንዳቸውን ለቀቅ ሲያደርጉ የእጅ አንጓቸው ጋ ለኩት። ረዥም ምርኩዝ ትከሻ ያሳምማል፣ አጭሩ ያጎብጣል።

ውጭ በዱካ ወይም በበርጩማ አታስቀምጧቸው። ዝቅ ያለ መቀመጫ ለመነሣት ጉልበት ላይ ከባድ ጫና ያመጣል። መደገፊያ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ይሻላል፤ ቢያንስ ከፍታው ጉልበታቸው ድረስ ይሁን። ነጠላ ጫማ ለደረጃም ለኮብልስቶንም አይሆንም፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ የማያንሸራትት ጫማ ይኑራቸው። በማግስቱ ሕመሙ ከወትሮው ከባሰ ርቀቱን በግማሽ ቀንሱ እንጂ መውጣቱን አታቁሙ።

ሕሊና ዘጀሞ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። «ምች ይመታኛል» እያለች ፀሐይ ትፈራለች። ጠዋት የምትወስደው የግፊት ኪኒን ደግሞ ሽንት ቶሎ ቶሎ ስለሚያስኬዳት መጸዳጃ ቤት ራቀብኝ ትላለች።

መልስ፦ የሰፈር ነርስ

የኪኒኑ ነገር እውነተኛ እንቅፋት ነው፤ «ሰበብ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ጫናው የሚበረታው ከተዋጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። ሐኪማቸውን ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቂና ከተፈቀደ መጀመሪያ ይውጡ፣ ሲመለሱ 3 ሰዓት ላይ ይዋጡት። ዋናው ሰዓቱ በየቀኑ አንድ መሆኑ ነው። «ዛሬ ስለምወጣ ልተወው» ግን ፈጽሞ አይባልም። ካርቶኑንም እዪው፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚል ካለበት ቆዳን ለፀሐይ ስስ ሊያደርግ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የ4 ሰዓቱን ፀሐይ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩ፤ የጠዋቱን ብርሃን በጥላ ሥር ይቀጥሉ።

ከመውረዳቸው በፊት አልጋ ጫፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቁሙ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ሲነሣ ራሱን ሊያዞረው ይችላል፤ ያ ደረጃ ላይ ከሆነ አደጋ ነው። ሽንት ፈርተው ውኃ መጠጣት እንዳያቆሙም ተከታተሏቸው።

የምቹን ፍርሃት አትቃወሚ። ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል መንስኤው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ ነው፤ ኃይለኛ ፀሐይ ደግሞ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ስለዚህ ፍርሃታቸው መሠረት አለው። ፊታቸውን በነጠላቸው ይከልሉ ወይም ሰፊ ባርኔጣ ያድርጉ፤ ፀሐዩን ክንድና እግር ያግኘው።

መልስ፦ ጥላ ዛፍ

ቦታውም ይታሰብበት። በማለዳ ቀዝቃዛው አየር ጭሱን ወደ መሬት ስለሚያፍነው ዋናው መንገድ ዳር መቀመጥ ጥሩ አይደለም። ከብሎኩ ጀርባ፣ በኮሚዩናሉ በኩል ወይም ቅርብ ከሆነ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይሁን። ኪዳን ለማድረስ የለመዱ እናት ከሆኑ ሰዓቱ ራሱ የሚፈለገው የጠዋት ሰዓት ነው። የአጸዱ ዛፍም ተጨማሪ ጥቅም ነው። በ2019 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ ተፈጥሮ ባለበት ቦታ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤንነታቸውንና ደስታቸውን የተሻለ አድርገው እንደሚገልጹ አሳይቷል። በአንድ ቀን ቢሆን ወይም ተከፋፍሎ ለውጥ አላመጣም። ጥናቱ መንስኤውን አያረጋግጥም፤ ግን ጤናማ ሰው ብቻ ስለሚወጣ ነው እንዳይባል የረዥም ጊዜ ሕመም ያለባቸውም ላይ ታይቷል።

ከገጠር የመጣን ሰው ደግሞ «ለጤናሽ ተቀመጪ» ብሎ ማስወጣት ይከብዳል። ሥራ ስጧቸው። ምስር ይልቀሙ፣ ጥጥ ይፍተሉ፣ የሚሰጣ በርበሬ ይጠብቁ። የጠዋቱ ቡና ታች ከጎረቤት ጋር ይፈላ። ከ8 ሰዓት በኋላ ግን ቡና ይቅር፤ የቀኑም እንቅልፍ ከ30 ደቂቃ አይለፍ።

በክረምት ዝናቡ ሲያባራ ይውጡ። ኮብልስቶኑ እርጥብ ከሆነ ግን ጋቢ ደርበው መስታወት በሌለው በረንዳ ላይ ይቀመጡ። ብርሃኑ ከሳሎን ይበልጣል።

ሕሊና ዘጀሞ

ለውጡ በስንት ጊዜ ይታያል?

ነጭ ጋዎን

ሰዓቱ ካልተዛባ እንቅልፉ በአንድ ሁለት ሳምንት መስተካከል ይጀምራል። የአጥንትና የጡንቻው ወራት ይፈልጋል። በአራት ሳምንት እንቅልፉ ካልተሻለ ወይም እግራቸው ካበጠ፣ ሲተኙ ካፈናቸው፣ ጮክ ብለው ካንኮራፉ ወደ ሐኪም ውሰጃቸው፤ እነዚህ የልብ ድካም ወይም በእንቅልፍ ጊዜ የሚያጋጥም የትንፋሽ መቆራረጥ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ።