ሊፍ ወጣ፣ ሰዎቼ ጠፉ! ፈጥናችሁ መልሱልኝ

ቀይዋ_ካሬ፦ እባካችሁ ጌሙ ክፍት ነው፣ ቶሎ በሉ። ከእስር ቤቱ የሚወጣበት ምዕራፍ ላይ ሊፍ ተከቦ ሊሞትብኝ ሲል ሮጦ መውጫው ላይ ደረሰ፣ አስወጣሁት። ዋናው ሰው እሱ ነው፣ እሱ ከዳነ ሌላው ይደርሳል ብዬ ነዋ። ምዕራፉ ወዲያው አለቀ። ከዚያ ዝርዝሩን ሳየው ብራይተን የለም፣ ማቹዋ የለችም፣ ላራ የለችም። አልሞቱም እኮ! ብራይተን ደሙ ሙሉ ነበር። ባግ ነው፣ የጌሙ ስህተት? ፋይሉ ነው የተበላሸው?

ዝምተኛው፦ የትኛው ጌም?

ፈረሰኛ_በእግሩ፦ ሊፍ፣ ብራይተን፣ እስር ቤት ካለ ትራኪያ 776 ነዋ፣ የፋየር ኤምብለሙ፣ ሰዎችህን በተራ በተራ በካሬ ላይ እያንቀሳቀስክ የምትዋጋበት። ነፍስህን ይማረው ወንድሜ።

አሮጌ_ካርትሪጅ፦ ባግ አይደለም፣ ሕጉ ነው። ሊፍ መውጫው ላይ «ውጣ» ባለ ቅጽበት ምዕራፉ ይዘጋል። ማፑ ላይ የቀረ ሰው ሁሉ ተማረከ ማለት ነው። ይህ ጌም በ1999 ለሱፐር ፋሚኮም፣ ለኒንቴንዶ የጌም ማጫወቻ፣ የወጣ ነው። ከጃፓን ውጭ በይፋ ስላልተሸጠ ብዙዎቻችን የምንጫወተው አድናቂዎች በተረጎሙት ነው፣ ስለዚህ መመሪያ ደብተር አይቶ የጀመረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከአብዛኞቹ የፋየር ኤምብለም ጌሞች የሚለየው አንዱ ድካም ነው። አንድ ሰው በተዋጋ ቁጥር ድካሙ ይጨምራል፣ ድካሙ ሙሉ ደሙን የሚያህል ቁጥር ላይ ሲደርስ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ተቀምጦ ያሳልፋል። ሊፍ ብቻ አይደክምም። ሁለተኛው መማረክ ነው። ገንዘብ እምብዛም የለሽም፣ መሣሪያ በብዛት የምታገኚው ጠላትን ይዘሽ በመግፈፍ ነው። ሦስተኛው

ቀይዋ_ካሬ፦ ጋሼ፣ ታሪኩን ቆይቼ አነበዋለሁ። ሰዎቼ ይመለሳሉ ወይስ አይመለሱም? (ፈረሰኛ፣ ሴት ነኝ።)

ፈረሰኛ_በእግሩ፦ ይቅርታ እህቴ። ነፍስሽን ይማረው።

ተራ_ቆጣሪ፦ ሊፍን መጨረሻ ላይ አስወጪው።

ቀይዋ_ካሬ፦ አሁን ነው የምትነግሩኝ? ሴቭ አድርጌበታለሁ።

ገብስ_በካልቾ፦ ሊፍ መጨረሻ ነው መውጣት ያለበት።

ተራ_ቆጣሪ፦ ተብሏል ወንድም።

ግንብ_አፍራሽ፦ እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አይገባኝም። ምን አስጨነቀሽ? የተማረኩት አልሞቱም። 21 ኤክስ የምትባል የጎን ምዕራፍ አለች፣ እስር ቤት ናት፣ በየቤቱ ተቆልፈው ታገኛቸዋለሽ። ከፍተሽ ታወጫቸዋለሽ። ሁልጊዜ ሪሴት ሪሴት ማለት ጌሙን ያበላሸዋል። ጸሐፊዎቹ ያሰቡት እንዲህ እንድትጎዱ ነው።

ተራ_ቆጣሪ፦ ምዕራፍ 4 ላይ ቆማ «21 ላይ ታገኛቸዋለሽ» ትላታለህ? እስከዚያ ያለ ላራ በሩን ማን ይከፍትላታል? ሌባዋን ነው እኮ የጣለችው።

ግንብ_አፍራሽ፦ ቁልፍ አለ።

ተራ_ቆጣሪ፦ በየትኛው ገንዘብ?

ዝምተኛው፦ ቀይዋ፣ ሴቭ ያደረግሽው ሁሉንም ቦታ ላይ ነው ወይስ አንዱን ብቻ? ጌሙ ሦስት ቦታ አለው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ የቆየ ነገር ካለ ተመልከቺ።

ቀይዋ_ካሬ፦ ቆይ

ቀይዋ_ካሬ፦ አለ!!! ሁለተኛው ላይ ከእስር ቤቱ መጀመሪያ ያለ አለ። መቼ እንዳደረግኩት እንኳ አላስታውስም። ዝምተኛው ስምህ ይባረክ። ግን እኮ ያው ያለፈው ስህተት ውስጥ ነው የምገባው፣ ሊፍ እዚያ ጠባቡ ኮሪደር ላይ ይከበባል። እስቲ ሁሉንም ጠላት ልጨርስና ረጋ ብዬ ልውጣ?

ተራ_ቆጣሪ፦ አይሆንም፣ ሁሉንም ልጨርስ ካልሽ መድከም ነው። አስቢው ከኋላ ወደ ፊት። መጀመሪያ መውጫውን እይው፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ለመድረስ ስንት ተራ እንደሚፈልግ ቁጠሪ። ሩቅ ያለውና ደሙ ያለቀው ቀድሞ ይነሳል፣ ቅርብ ያለው ይጠብቃል። ሁላችንም የምንሳሳተው ጠንካራዎቹን ቀድመን ወደ ፊት እንልክና ቀርፋፋዎቹን ከኋላ እንተዋለን፣ ጠላት የሚመጣው ደግሞ ከኋላ ነው።

ከዚያ በረኛ ምረጪ። ኮሪደሩ የአንድ ካሬ ስፋት ባለበት ቦታ ብራይተንን አቁሚው፣ ሰይፍ ወይም መጥረቢያ የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነው ሊመታው የሚችለው። ከሩቅ የሚመታ ካለ ግን ይህ አይሠራም፣ ቀስተኛውን ወይም አስማተኛውን ቅደሚው። ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ በረኛው በአንድ ተራ ሮጦ መውጫው ላይ ሊደርስ በሚችል ርቀት ላይ ይቁም። ራቅ ብሎ ከቆመ ግን ራሱ ምርኮኛ ይሆናል። ሊፍ ከመውጫው ጎን ይቁም፣ መውጫው ላይ አይቁም፣ የሌላውን መንገድ ይዘጋል። በመጨረሻው ተራ ላራ፣ ማቹዋ፣ ብራይተን፣ ከዚያ ሊፍ። በአንድ ተራ ሁሉም ይወጣሉ፣ አንዱ ሲወጣ ካሬው ለሚቀጥለው ባዶ ይሆናል።

የቆሰለ ካለ ተሸክመሽ ወደ በሩ ማስጠጋት ትችያለሽ። ተሸካሚው ግን አቅሙ ስለሚቀንስ ሸክሙን ይዞ ፊት ለፊት እንዳይገባ።

ፈረሰኛ_በእግሩ፦ ብራይተን ፈረሰኛ አይደለም እንዴ? እስር ቤት ውስጥ ከፈረስ ወርዶ ነው የሚዋጋው። እኔን ስሜ ይገልጸኛል፣ እሱንም ጨምሩበት 😅

አሮጌ_ካርትሪጅ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አትበሉኝና፣ መማረኩን አትርሺ ልል ነው። ጥሩ መሣሪያ የያዘ ወታደር ካየሽ ያዢውና ግፈፊው። ያለ መሣሪያ የቀጣዩን ምዕራፍ ጠላት በምን ትመቺዋለሽ?

ተራ_ቆጣሪ፦ ይህን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ብቻ። ለመያዝ ስትሞክሪ የራስሽ ሰው አቅሙ በግማሽ ይወርዳል፣ ይህን የመጨረሻው ተራ ላይ ማድረግ እብደት ነው። ይልቅ ጠላት ገና ሳይበዛ፣ ብቻውን የቆመ ሲገኝ።

ገብስ_በካልቾ፦ 99 ፐርሰንት የመምታት ዕድል እያላችሁም ስለምትስቱ ጸልዩ።

ዝምተኛው፦ 99 ከፍተኛው ነው፣ 100 የሚባል ነገር የለም። ለጠላትም ዝቅተኛው 1 ነው። ስለዚህ ሕይወት የሚያድን ዕቅድ በአንድ ምት ላይ አይቁም።

ቀይዋ_ካሬ፦ እሺ ገባሁ። ብራይተን በኮሪደሩ፣ ሊፍ በመውጫው ጎን፣ ማቹዋ ደርሳለች። ላራ ግን ሦስት ካሬ ቀርቷታል፣ ከጎኗ ደግሞ ብቻውን የቆመ ወታደር አለ፣ ጥሩ መሣሪያ ይዟል። ማቹዋ ተመልሳ ልትይዘው?

ተራ_ቆጣሪ፦ ተዪው

ዝምተኛው፦ ተዪው።

አሮጌ_ካርትሪጅ፦ መሣሪያው ምንድን ነው?

ገብስ_በካልቾ፦ ሊፍን መጨረሻ አስወጪው።

ተራ_ቆጣሪ፦ ቀይዋ? ተውሽው?

ፈረሰኛ_በእግሩ፦ ሄዳለች።