በትንሽ መኪና ውስጥ ስናድር ዕቃውን የት እናስቀምጥ?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ወደ መንዝ ጓሳ በሄድን ቁጥር የምናድረው በመኪናችን ውስጥ ነው። መኪናዋ ባለ አምስት በር፣ የ2003 ሞዴል ራቭ ፎር ስትሆን የኋላ ወንበሮቿን ወደ ፊት አጥፈን ስፖንጅ ፍራሽ እናነጥፍባታለን። ቀን ከኋላ ተደርድሮ የሚጓዘው የልብስ ሻንጣ፣ ማብሰያ፣ የምግብ ካርቶን፣ ጫማና ባለ 20 ሊትር የውኃ ጀሪካን መኝታው ሲነጠፍ ማረፊያ ያጣል። ባለፈው ኅዳር ሻንጣውን ውጭ አሳድረነው ጠዋት በውርጭ ነጭ ሆኖ አገኘነው፤ ፀሐይ ሲያገኘውም ልብሱ ድረስ ራሰ። በኮምፔንሳቶ ከፍ ያለ አልጋ አሠርቼ ዕቃውን ከሥሩ ላደርግ አስቤ ነበር፤ ሆኖም ስለካው አልጋው ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ የማይቻል ሆነብኝ። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ከሸዋ ሮቢት

ወንድሜ፣ የዚህ ሞዴል የኋላ ወንበሮች ከመታጠፍ አልፈው ጨርሰው ይወጣሉ። ሲታጠፉ ከፊት ወንበሮች ጀርባ ቆመው የሚይዙት ቦታ ቀላል አይደለም። ቤትዎ ትተዋቸው ከሄዱ፣ ተሳፋሪ እግሩን የሚያሳርፍበት ዝቅ ያለው ወለል ባዶውን ይቀራል። ማስቀመጫዎ እርሱ ነው። ከባዱን ዕቃ እዚያ ደርድረው ከላዩ ከኋላው ወለል ጋር እኩል የሚሆን ኮምፔንሳቶ ቢያጋድሙበት፣ አልጋው ከፍ ሳይል መኝታውም ይረዝማል፣ ዕቃውም ይደበቃል። ጣውላውን ለሁለት አስቆርጠው በማጠፊያ ቢያያይዙት ፍራሹን ሁሉ ሳያነሱ ግማሹን ብቻ ይከፍታሉ። የተረፈውን በሸራ ጠቅልለው ፖርቶ መጋላ ላይ ይሰሩት።

መልስ 2፦ ከመሐል ሜዳ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ የፖርቶ መጋላው ነገር ግን ያሳስበኛል። ጣርማ በርን በሚያህል ጠመዝማዛ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ጀሪካንን የመሰለ ከባድ ዕቃ ከጣሪያ ላይ መጫን መኪናውን ያወላግዳል። ላይ የሚወጣው ቀላልና ሌሊት የማይፈለግ ብቻ ይሁን፤ በጓሳ ብርድ በጨለማ ቋጠሮ መፍታት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አይቼዋለሁ። ምግብ ደግሞ በፍጹም ውጭ አይደር። ጅብ ባይመጣ እንኳ ቁራው ጎሕ ሲቀድ ካርቶኑን ይዘነጥለዋል፤ ቀይ ቀበሮውንም የሰው ምግብ ማስለመድ ትልቅ ጥፋት ነው።

ሌሊት ባዶ የሚሆነው የጋቢናው ተሳፋሪ ወንበርና የእግር ማሳረፊያው የምግብ ካርቶኑን ይችላል። የሾፌሩ ወንበር ግን ባዶ ይደር፤ አንዳችሁ ብትታመሙ ዕቃ ሳታወርዱ መኪናውን ማስነሳት አለባችሁ። የነገውን ልብስ በትራስ ልብስ ውስጥ አድርጋችሁ ተንተራሱት። ከሦስት ብርድ ልብስ ይልቅ አንድ ወፍራም የመንዝ ባና ብትይዙ ቦታም ትቆጥባላችሁ፣ ብርዱንም ትችሉታላችሁ።

መልስ 3፦ ከአንኮበር

አንድ ነገር ልጨምር። ሻንጣ ከመስታወት ጋር ተጣብቆ ካደረ ትንፋሻችን መስታወቱ ላይ የሚፈጥረውን ጤዛ ስለሚጠጣ ውስጥ ሆኖም ይርሳል፤ ስለዚህ በሁለት በኩል መስታወቱን ጣት የሚያስገባ ያህል ከፍታችሁ ተኙ። ብርዱ ቢበረታ ከሰል ወይም ቡታጋዝ መኪና ውስጥ እንዳታስገቡ አደራ እላለሁ። ጭሱ ባይታይም መርዙ ሽታ የለውምና እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳያነቃው ይገድላል።

ከጠያቂው

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ወንበሮቹን አውጥቼ ለካሁ። ማብሰያውና ሻንጣው ዝቅ ባለው ወለል ላይ ገብተዋል። ጀሪካኑ ግን ተጋድሞ እንጂ ቆሞ አልገባም፤ ሲጋደምም በክዳኑ ስለሚያፈስ ባለ 5 ሊትር በሆኑ አራት ጀሪካኖች ተክቼዋለሁ። ጣውላውን ነገ አስቆርጣለሁ።