ግራፌ ላይ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆነብኝ (ለነገ ጠዋት ነው!)

ወለላ (ማታ 3:40)
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለማኅበራችን ቦርድ ሪፖርት አቀርባለሁ። የ2016 የወተት ሽያጭ ነው፣ በየወሩ። ፓይተን (የኮድ መጻፊያ ቋንቋውን) ከጀመርኩ ገና ወር ከምናምን ነው። በማትፕሎትሊብ፣ በፓይተኑ የግራፍ መሣያ፣ ባር ግራፍ ሠራሁ፤ የወሮቹ ስም በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ከሥሩ ደግሞ «ግሊፍ 4632 ፎንቱ ላይ የለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይደረድራል። ሠንጠረዡን ሳየው ወሮቹ ራሱ ተደበላልቀዋል፤ ህዳር፣ ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት እያለ ነው የሚሄደው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሽያጩ ገደል ገብቷል። ጳጉሜማ የለም ማለት ይቻላል። ኮዱ ዳታዬን እየበላው ነው መሰለኝ። ምን ላድርግ?

ሁለት ደቂቃ
ኤክሴል። ሁለት ደቂቃ። ደህና እደሪ።

ቁቤ ያልሆነው
4632 ማለት «መ» ናት፣ በኮምፒውተሩ ቁጥር። ማትፕሎትሊብ ሳይነገረው የሚጠቀመው ፎንት ዴጃቩ ሳንስ ነው፤ እሱ ደግሞ የኛን ፊደል አያውቅም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርጂና ጫኚ። ነፃ ነው።

ጋሽ ሚዛን
ልጄ፣ ከፎንቱ በፊት ስለ ግራፉ እናውራ። ዊሊያም ፕሌይፌር የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1786 የንግድ መረጃን በመስመርና በባር ስሎ ሲያሳትም፣ ዓላማው ሰው ቁጥር ሳያነብ በዓይኑ ብቻ እንዲረዳ ነበር። የዛሬ ልጆች ግን ባሩን ከ8,000 ያስጀምሩታል፤ ከዚያ ትንሿ ልዩነት ተራራ ታክላለች። ባር ሁልጊዜ ከዜሮ ይነሳል! ባር የሚነበበው በቁመቱ ስለሆነ ከሥሩ ከቆረጥሽው ዋሸሽ ማለት ነው። መስመር ከሆነ ግን ግዴለም። ደግሞ ያንን ሦስት አቅጣጫ ያለው፣ ኬክ የመሰለ ክብ ግራፍ እንዳታደርጊው አደራ። እኔ በሥራ ዘመኔ በዚያ ግራፍ ያልተጣላሁት አለቃ የለም። አንድ ጊዜ እንዲያውም

ወለላ
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ከዜሮ ነው የጀመርኩት። ግን ነገ 3 ሰዓት ነው 😭

ዳዊት_አር
ለምን በእንግሊዝኛ አትጽፊውም? ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ ብትዪ ሁሉም ችግር ያልቃል።

ወለላ
ቦርዱ እኮ ላም የሚያልቡ አባቶችና እናቶች ናቸው። ወተቱም የተመዘገበው በኛ ወር ነው። ጃንዋሪ ብዬ ልግባ?

ብሩኬ
ኒያላን ጫኚ። የዊንዶውስ ፎንት ነው። ያልቃል።

ወለላ
ኖቶውንም ኒያላውንም ጫንኩ። ወርድ ላይ ቆንጆ ሆኖ ይጻፋል። ግራፉ ላይ ያው ሳጥን ነው። ላፕቶፑን አጥፍቼም አበራሁት።

ብሩኬ
እንደገና ጫኚው።

ቁቤ ያልሆነው
ቆይ ቆይ። ኮዱን የምታሠሪው የት ነው?

ወለላ
ኮላብ ላይ ነዋ።

ቁቤ ያልሆነው
አይ ወለላ! ይሄንን መጀመሪያ ብትነግሪን ኖሮ። ኮላብ ማለት ኮዱ የሚሠራው በጎግል ማሽን ላይ ነው፣ ላፕቶፕሽ ላይ አይደለም። ላፕቶፕሽ ላይ መቶ ፎንት ብትጭኚ እሱ አያየውም። እንዲህ አድርጊ። ያወረድሽው ዚፕ ውስጥ ስታቲክ የሚል ፎልደር አለ፤ እዚያ ውስጥ ሬጉላር የሚለውን ፋይል በኮላብ በግራ በኩል ባለችው የፎልደር ምልክት ጫኚው። ከዚያ ፎንት ማናጀር ውስጥ አድፎንት በሚለው የፋይሉን አድራሻ ስጪው። በመጨረሻ ፎንት ፋሚሊ ላይ ሁለት ስም በዝርዝር ስጪ፦ መጀመሪያ ዴጃቩ ሳንስ፣ ቀጥሎ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። ከመጀመሪያው ያጣውን ፊደል ከሁለተኛው ይወስዳል። ይሄ የሚሠራው ከ3.6 ወዲህ ባለው ማትፕሎትሊብ ነው፤ ኮላብ ላይ ያለው አዲስ ስለሆነ አትስጊ። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ፋይሉ ስም ላይ ቃላቱ ተጣብቀዋል፣ ፎንቱ ስም ላይ ግን በክፍተት ይለያያሉ። እኔ በዚህች አንድ ሌሊት አድሬባታለሁ። ይህ ሁሉ ግራፉን ከሚስለው መስመር በፊት ይምጣ። ኮላብ ሲዘጋ ፋይሉ ይጠፋል፤ ያኔ እንደገና መጫን ነው።

የሰኞ ገበያ
ባሮቹን ቆጥረሻቸዋል?

ወለላ
አሁን ቆጠርኩ። 14 😳

የሰኞ ገበያ
አገሩ የ13 ወር ፀጋ ነበር፣ አንቺ 14 አደረስሽው 😂 ህዳርና ኅዳር ናቸው። ለኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሀሌታው «ሀ» እና ብዙኃኑ «ኀ» ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። መዝገቡን የጻፈው አንድ ሰው አይደለም አይደል?

ወለላ
ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ሒሳብ ሠራተኛችን።

የሰኞ ገበያ
በቃ። መጀመሪያ ሪፕሌስ በሚለው ስሙን አንድ አድርጊው፤ ታህሳስና ታኅሣሥንም እዪ። ከዚያ ወሮቹን ደምሪ። ከዚያ በኋላ ነው ሪኢንዴክስ ብለሽ 13ቱን ወር ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ዘርዝረሽ የምትሰጪው። ፓንዳስ (ሠንጠረዡን የሚይዝልሽ የፓይተን መሣሪያ) ሲመድብ በፊደል ተራ ስለሚደረድር ነው የተደበላለቀብሽ። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛንፊ! ስሙን ሳታስተካክዪ ሪኢንዴክስ ካደረግሽ፣ ዝርዝሩ ላይ የሌለውን ህዳር ምንም ሳይናገር ይጥለዋል። ያኔ ነው ዳታሽ የሚበላው።

እማማ ቁጥር
ይቅርታ፣ ሁላችሁም ኮድ ኮድ ትላላችሁ። ልጄ፣ አንቺ ወተት እየሸጥሽ መጋቢት ላይ ለምን ወረደ ትያለሽ? ሁዳዴ ነዋ! በ2016 ጾሙ መጋቢት 2 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። 55ቱም ቀን በሁለቱ ወር ውስጥ ነው ያለቀው። ነሐሴንም እዪው፤ የፍልሰታ 15 ቀን አለበት። ጳጉሜ ደግሞ 5 ቀን ናት፣ ከ30 ቀን ወር ጎን ብታቆሚያት ታዲያ ምን ልትመስል ነው? ጠቅላላውን ትተሽ በቀን ስንት ሊትር እንደሆነ ሳዪ። ሌላውን ለ30፣ ጳጉሜን ለ5 አካፍዪ። መጋቢትና ሚያዝያን በሌላ ቀለም አድርጊና «ጾም» ብለሽ ጻፊባቸው። ቦርዱ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል።

ጋሽ ሚዛን
እማማ ቁጥርን እደግፋለሁ። እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር።

ሁለት ደቂቃ
😂😂

ወለላ (ሌሊት 6:15)
ሳጥኑ ጠፋ!!! «መስከረም» ብሎ ሲጻፍ እልል ልል ነበር። እማማ፣ በቀን ሳደርገው ጳጉሜ ከመስከረም ትበልጣለች፣ ማን ያምናል። አሁን ግን ስሞቹ ከሥር ተደራርበዋል፣ አይነበቡም

ቁቤ ያልሆነው
ባሩን አጋድሚው፣ ባርኤች በሚለው። ስሞቹ በግራ በኩል ይሰለፋሉ። መስከረም ከታች ይሆንብሻል፤ ኢንቨርት ዋይ አክሲስ በይው።

ወለላ
መብራት ሄደ። ባትሪ 11 ፐርሰንት

እማማ ቁጥር
ምስሉን አስቀምጪው መጀመሪያ! ሴቭፊግ! ሾው ከሚለው በፊት ይሁን፣ አለዚያ ባዶ ነጭ ነው የምታገኚው።

ብሩኬ (ከ4 ቀን በኋላ)
እህስ ወለላ፣ እንዴት ሆነ? ኒያላ ሠራ?

ዳዊት_አር (ከ2 ሳምንት በኋላ)
እኔም ዛሬ ሳጥን መጣብኝ፣ ጂጂፕሎት ላይ (የአር ቋንቋ የግራፍ መሣያ)። በአር የሚሠራ ሰው አለ? አስቸኳይ ነው።