ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? የቲኬቱ ሰዓት ግራ አጋባኝ

መዓዛ፦ እናቴ በሐምሌ ከቦሌ ተነስታ በዋሽንግተን ደለስ በኩል ዴንቨር ትሄዳለች። ቲኬቱ መነሻ 22:30፣ ደለስ መድረሻ በማግስቱ 08:00 ይላል፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። መመለሻው ግን ከደለስ 11:00 ተነስቶ ቦሌ የሚገባው በማግስቱ 07:30 ነው፤ ሃያ ሰዓት ተኩል! መንገዱ አንድ አይደለም እንዴ? ወደ ዴንቨር መቀያየሪያውስ 2 ሰዓት ይበቃታል?

ካርታ_አንባቢ፦ ሁለቱም ሰዓቶች የየአገሩ ናቸው፤ የሰዓት ልዩነቱን ሳታስገቢ አትቀንሺ። ከመጋቢት ሁለተኛ እሑድ እስከ ኅዳር መጀመሪያ እሑድ (በፈረንጆቹ) ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ በክረምታቸው 8። ስለዚህ መሄጃው 9:30 ሲደመር 7፣ 16 ሰዓት ተኩል። መመለሻው 20:30 ሲቀነስ 7፣ 13 ሰዓት ተኩል። እውነተኛው ልዩነት 3 ሰዓት ነው።

ጄት_ነዳጅ፦ የ3 ሰዓቱ ምክንያት በዋናነት ቦሌ ራሱ ነው። ማኮብኮቢያው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ሙሉ ተሳፋሪና ጭነት ይዞ ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ ቢሞላ ክብደቱ ከሚፈቀደው ያልፋል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ተነስቶ መንገድ ላይ ይቀዳል። በሎሜ (የቶጎ ዋና ከተማ) በኩል ሲሆን 4,100 ሲደመር 8,600፣ ወደ 12,700 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በዚያ ላይ መሬት ላይ አንድ ሰዓት ገደማ። ደለስ ግን ከባሕር 95 ሜትር ብቻ ከፍ ስለሚል ሞልቶ ተነስቶ በቀጥታ ቦሌ ይገባል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስም መመለሻውን ይገፋለታል፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት።

ነዳጅ ሲቀዳ የዋሽንግተን ተሳፋሪ ከወንበሩ አይነሳም። ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ደረስን ብለው ዕቃ የሚያወርዱ ብዙ ናቸው።

ሻንጣ፦ 2 ሰዓት አይበቃም። ቢያንስ 3፣ ከተቻለ 4 አድርጉት። ሻንጣው እስከ ዴንቨር የተለጠፈ ቢሆንም አሜሪካ መጀመሪያ በገቡበት ኤርፖርት ራሳቸው አንስተው በጉምሩክ ያሳልፉታል፣ እንደገና ያስረክባሉ፣ ከዚያ እንደገና ይፈተሻሉ። የፓስፖርት ሰልፉ ብቻውን አንድ ሰዓት ሊበላ ይችላል። እንግሊዝኛ የማይችሉ ከሆነ ጉዞው 48 ሰዓት ሳይቀረው ዊልቸር አስመዝግቡላቸው፤ ገፊው ሰልፉንም ሻንጣውንም አብሮ ይጨርስላቸዋል።

በርበሬና ሽሮ ችግር የለውም፣ ሲጠየቁ «አለ» ይበሉ። ቋንጣ ግን ይወሰዳል፤ ደብቀው ከተገኘ ቅጣትም አለው።

የዴንቨሩ ቲኬት ለብቻው የተገዛ ከሆነ ደግሞ፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ቢያመልጣቸው ሁለተኛው አየር መንገድ የመተካት ግዴታ የለበትም።

መዓዛ፦ አመሰግናለሁ፣ በአንድ ቲኬት ነው፤ ክፍተቱን አስቀይራለሁ። 22:30 የኛ ምሽት 4:30 ነው አይደል?

ካርታ_አንባቢ፦ አዎ፣ 22:30 ማለት በእነሱ የምሽት 10:30 ነው፤ ከዚያ 6 ቀንሺ። 19:30 ላይ፣ ማለትም ምሽት 1:30፣ ቦሌ ይገኙ። በረራው ወደ 00:15 ቢዘዋወር ቀኑን አጥብቀሽ እዪ፦ ቲኬቱ «ረቡዕ 00:15» ሲል እኛ ማክሰኞ ሌሊት 6:15 የምንለው ነው። ረቡዕ ማታ ቦሌ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሆነው ነው።